አሻንጉሊቱ እንስራ አያዝልም

ሰውን የሚሥል ሰው አስቀድሞ ሰውን ማየት ይገባዋል ብል፣ «ይህን ለመናገር ወረቀት ማበላሸት ምን ያስፈልጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ቀድሞ አያስፈልግም ነበር፤ ዛሬ ግን ያስፈልጋል። ለምን ቢባል፣ በእኛ በዘንዘልማም ሆነ በባሕር ዳር ከተማ ሥዕል የሚወዱ ወጣቶች፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ማየት ትተው በኮምፒዩተርና በስልክ ውስጥ የተቀመጠውን የሰው አሻንጉሊት ማየት ጀምረዋልና ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኮሚክ የሚባለው የሥዕል ታሪክ፣ ታሪኩ በየሣጥኑ ተከፋፍሎ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት ሥራ ነው። ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ባንድ ሸራ ላይ በብዙ ትንንሽ ሣጥን፣ ብዙ ጊዜም በ44 ሣጥን፣ ከፋፍለው የሣሉ ሠዓሊዎች ነበሩን፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በረድፍ የተሣለው የቅዱሳን ገድልም ማንበብ ለማይችለው ምእመን የተዘጋጀ ያው የሥዕል ታሪክ ነው። በዘመናችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ የተባለው ኢትዮጵያዊ «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካወጣ ወዲህ፣ የእኛ ልጆችም የራሳቸውን ጀግና ለመሣል ተነሣሥተዋል። ይህ ደስ ያሰኘኛል እንጂ አያሳዝነኝም።

ዳሩ ግን ኮሚክ ከባድ ሥራ ነው። አንዱን ሰው ባንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጣራ ላይ ቁልቁል፣ ከመሬት ሽቅብ መሣል ያስፈልጋል፤ በየጊዜውም ያው ሰው መሆኑ መታወቅ አለበት። ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ በየጠረጴዛቸው ላይ ባለ መገጣጠሚያ የእንጨት አሻንጉሊት ያቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ላሪ ዋይንበርግ የተባለ ሰው ይህንኑ አሻንጉሊት ወደ ኮምፒዩተር አግብቶ ፖዘር የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ከእሱም በኋላ ዳዝ ስቱዲዮ፣ በነፃ የሚታደለው ሜክሂዩማን፣ የጃፓኖቹም ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ተከታትለው መጡ። ወጣቱ የአሻንጉሊቱን ክንድ በጣቱ ይጎትታል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ብርሃኑን ከፈለገው ወገን ያበራበታል፤ ከዚያም በላዩ ላይ ባዶ ገጽ ደርቦ ዙሪያውን እየተከተለ ይገለብጠዋል። ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ይህን ያዩ አንዳንድ እኩዮቼ፣ «ይህ ሌብነት ነው፤ ሠዓሊ ማለት ከራሱ አመንጭቶ የሚሥል ነው» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። በዚህ ነገር ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ይህ ፍርድ ከጸና መጀመሪያ የሚፈረድባቸው እነማን እንደሆኑ አላሰቡም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አርአያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም ከተማ በዐረብኛ የታተመ፣ ሥዕሎቹንም አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ኢጣሊያዊ የነደፋቸው አንድ ወንጌል ነበር። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሠዓሊዎቻችን የጌታን ታሪክ በብራና ላይ ሲሥሉ ከእሱ ቀድተዋል። እንደዚሁም በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጅዋ በኢየሱሳውያን አማካይነት ወደዚህ ደርሶ ለብዙዎቹ የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎች መነሻ ሆኗል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በመሣሪያ ሲረዱ የኖሩ ናቸው፤ ጀርመናዊው አልብረሽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው መጽሐፍ ነገርን አስተካክሎ ለመሣል የሚረዳ መሣሪያ ሥዕሉን ሠርቶ አሳይቷል። እንግዲህ አርአያ መያዝ ነውር ከሆነ ንጹሕ ሠዓሊ አይገኝም።

ነገር ግን አባቶቻችን አርአያውን ይዘው ምን አደረጉ? ወጣቶቻችን ሲጠይቁ ያልሰማሁት ይህን ነው። ከሮም የመጣችውን ሥዕል የተቀበለ ሠዓሊ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዞ በግራና በቀኝ አቆመላት፤ ዐይኗን አሰፋው፤ ጥላውን ትቶ ቀለሙን አጠራው። ጻድቁን በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጢአተኛውን ግን ጎኑን አዙሮ ባንድ ዐይኑ የመሣልን ሥርዐት ከየትም አገር አሻንጉሊት አልገለበጠውም። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲታዩ፣ የምናየው አንዲት የኢትዮጵያ እመቤት ስትሰግድ እንዴት እንደምትደፋ ነው። ይልቁንም ጣና ዳር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን በገባችሁ ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስን እግር ተመልከቱ። እግሩ ባዶ ነው፤ በእርካቡ ውስጥ የገባውም አውራ ጣቱ ብቻ ነው። የአገራችን ፈረሰኛ እንዲህ ነበር የሚጋልበው። ይህን ከሮም የመጣ መጽሐፍ ለሠዓሊው ሊነግረው አይችልም። ሠዓሊው ከደጁ ወጥቶ፣ ፈረሰኛ አይቶ፣ ዐይኑንም ወደ እግሩ ጣት ዝቅ አድርጎ ተመልሷል። እንግዲህ ያቺ አንዲት ጣት ናት ከወጣቶቻችን ጋር የምታጣላኝ።

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ከባሕር ማዶ የመጡ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕሎች ይሰቀሉ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ መልካሙ እረኛ በጎቹን ሲመራ የሚያሳየው ነበር። የእነዚያ በጎች ጅራት ቀጭን ነው። የእኛ አገር በግ ግን ላት አለው። ጧት ጧት ባለ ላት በግ አሰማርተው የሚመጡ ልጆች፣ በግ ሣሉ ሲባሉ ላት የሌለው በግ ይሥሉ ነበር። በኋላም እኔ ራሴ መምህር ሆኜ ቤት ሣሉ ባልሁ ጊዜ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ተወልደው ያደጉት ተማሪዎቼ ባለ ጭስ ማውጫ የጡብ ቤት ይሥሉልኝ ነበር። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ደንቆሮዎችም አልነበሩም። የተሠራ ሥዕል በዐይንና በነገሩ መካከል ገብቶ ሲቆም ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያ የግድግዳ ሥዕል ደግሞ የማይንቀሳቀስ አንድ ወረቀት ነበር። ዛሬ ያለው አሻንጉሊት ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ይሮጣል፤ ያላወቀውን ሰው ሕይወት አለው ብሎ እስኪያምን ድረስ ያታልለዋል።

ሕይወት እንደሌለው የሚታወቀው ሸክም ሲያሸክሙት ነው። የቆመ ሰው ክብደቱን ባንድ እግሩ ላይ ሲጥል በዚያ ወገን ያለው ዳሌ ከፍ ይላል፣ ትከሻው በዚያው በኩል ዝቅ ይላል፤ ከጉሮሮው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መሥመርም ሸክሙን በቻለው እግር ላይ ያርፋል። ካላረፈ ሰውየው ይወድቃል። አሻንጉሊቱ ግን አይወድቅም። ባንድ እግሩ አቁማችሁ ወገቡን ወደ ጎን ብታጣምሙት፣ በአየር ላይ ብታንጠለጥሉት፣ እንደዚያው ይቆማል። መሬት አትስበውም። ስለዚህ ከእሱ የሚገለብጥ ሠዓሊ የሚሥላቸው ሰዎች ሁሉ በገጹ ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ አንባቢውም ምክንያቱን ባያውቀውም እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል።

አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ እጁ የተባረከ ወጣት፣ የሠራውን ኮሚክ አሳየኝ። ጀግናዪቱ ልጅ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ታሪኩ ይጀምራል። እንስራ አዝላ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንስራውም በግድግዳ ላይ እንዳረፈ ተርብ ከጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። «ልጄ፣ ይህ እንስራ ባዶ ነው ወይ?» አልሁት። «ኧረ ጋሼ፣ ሙሉ ነው» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልከበዳትም?» ብለው ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ማዘል የሚባል አቋቋም የለም» አለኝ።

የዚያ ልጅ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ አዝላለች። ገመዱ በደረቷ ላይ ሲያልፍ፣ ወገቧ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል፣ አንገቷ ደግሞ መንገዱን ለማየት ቀና ሲል፣ እርምጃዋ አጥሮ ተረከዟ መሬቱን ቶሎ ቶሎ ሲመታ፣ ልጅየው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከኋላዋ እየተከተለ አይቷል። ዛሬ እንስራው ቢጫ ጀሪካን ሆኗል፤ ጀርባው ግን ያው ጀርባ ነው። ይህን ሁሉ ልጁ ያውቃል። ብርሳሱን ሲያነሣ ግን ያወቀውን ትቶ ያላወቀውን ጠየቀ።

ሌላውንም እንዲሁ ልቆጥር እችላለሁ። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል በሚጎነጉኑት ታንኳ ላይ የተቀመጠ ቀዛፊ ከወገቡ በታች ረግቶ ከወገቡ በላይ ይሠራል፤ ያለዚያ ታንኳው ይገለበጣልና። እረኛው ዱላውን ባንገቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሲጥልበት ትከሻው ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ደብተራው በመቋሚያው ላይ ተደግፎ ሌሊቱን ሲያድር ጉልበቱ በየተራ ያርፋል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ክንዱን ከመወርወሩ በፊት የትከሻ አጥንቱ በቆዳው ሥር ሲንሸራተት ይታያል። እነዚህ ለእኛ ጌጥ አይደሉም፤ የሰውነታችን ፊደል ናቸው።

ስለ ልብስ ደግሞ ብዙ መናገር እወድዳለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ እዚህ ላይ ይብሳል። አሻንጉሊቱ የሚመጣው ራቁቱን ነው። ወጣቱም መጀመሪያ ሥጋውን ገልብጦ፣ ኋላ በላዩ ላይ ልብስ ይቀባል። ጠባብ ልብስ ለሚለብሰው ለአሜሪካኖቹ የኮሚክ ጀግና ይህ መንገድ ይሠራ ይሆናል፤ የእሱ ልብስ ከቆዳው አይለይምና። አራት እጥፍ የሆነውን ጋቢ የለበሰ ሰው ግን ጡንቻው አይታይም። የሚታየው ጨርቁ ከትከሻው ላይ የሚነሣበት፣ በክርኑ ላይ የሚታጠፍበት፣ ወደ መሬት የሚወርድበት አኳኋን ነው። የአለባበሱም ነገር ራሱ ታሪክ ይናገራል። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰው ባንድ ዓይነት ነው፤ ለለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይመጣል፤ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ደግሞ ልብሱን ወገቡ ላይ አደግድጎ ይታሰራል። በኮሚክ ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከደጅ ብትገባ፣ አንድ ቃል ሳይጻፍ ሰው እንደሞተባት የአገራችን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ሠዓሊው ይህን ያህል ዋጋ ያለው ቋንቋ በእጁ ይዞ ሳለ፣ ከአፏ በወጣ ክብ ውስጥ «አዝኛለሁ» ብሎ ሲጽፍላት ባይ ምን ልበል?

በሜክሂዩማን ፕሮግራም ውስጥ የሰውን መልክ የሚወስኑ ሦስት ተንሸራታች ምልክቶች አሉ፤ አንዱ አፍሪካዊ፣ ሁለተኛው እስያዊ፣ ሦስተኛው ካውካሳዊ የሚሉ ናቸው። ምልክቱን ወደ አንዱ ወገን ስትገፉት ሰውየው በመቶ ይህን ያህል አፍሪካዊ ይሆናል ማለት ነው። መቶ በመቶ አፍሪካዊ የሚባለው ሰው በየትኛው ገበያ እንደሚገኝ የሚነግረኝ ባገኝ ደስታዬ ነው። የአፋር አርብቶ አደር፣ የኮንሶ ሸማኔ፣ የጎጃም ገበሬና የጣና ዳር ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ባንድ ጭራ ላይ ተሰክተዋል። ቁመቱም እንደዚሁ ነው። አንድሩ ሉሚስ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው የታወቀ የሥዕል ማስተማሪያ፣ መልካሙን ቁመት ስምንት ራስ አድርጎ አስተምሯል፤ የኮሚክ ጀግኖች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በገበያ ላይ ያለውን ሰው ብትለኩት ግን ብዙውን ጊዜ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ታገኛላችሁ። አያታችሁን ስምንት ራስ አድርጋችሁ ብትሥሏት አያታችሁ መሆኗ ይቀራል።

«ይህ ሁሉ የጣዕም ነገር ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚል ቢኖር፣ ያየሁትን ልንገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ በሥዕል የተዘጋጀ ትንሽ የእርሻ መጽሐፍ ለገበሬዎች አደለ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶቼ ሰብሰብ ብለው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያርስ ሰው ተሥሏል። ሰውየው እርፉን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጋሪ እንደሚገፋ ሰው ቆሟል። አንድ አዛውንት ገበሬ ሥዕሉን ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ጅራፉን ማን ይዞለት ነው? በሬዎቹስ ማንን ፈርተው ይሄዳሉ?» አሉ፤ ሰዉም ሁሉ ሳቀ። «ይህስ የከተማ ሰው ነው፤ ሞፈር አይቶ አያውቅም፤ ምን ሊያስተምረን ነው?» አለ ሌላው። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ የሚናገር እጅግ ጠቃሚ ምክር ነበር። ለመንሁ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም። መጽሐፉ በዚያው ቀረ፤ የዚያም ዓመት እህል እንደ ወትሮው ለነቀዝ ሆነ። የሚያሳዝነው ነገር ቢኖር ደግሞ፣ ሥዕሉን የሠራውን ወጣት በኋላ ሳገኘው የከተማ ሰው አልነበረም። የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ግራ እጃቸው ጅራፍ፣ ቀኝ እጃቸው እርፍ ይዘው ሲያርሱ ምሳ እያመላለሰ አድጓል።

አሁን ደግሞ ወጣቶቹ የሚሰጡኝን መልስ ልናገር፤ ሳልሰማቸው ብፈርድ አይገባኝምና። «ጋሼ፣ እኛ ሞዴል ከየት እናምጣ? በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ሰው ቆሞለት ይሥላል፤ እኛ ግን ማን ይቆምልናል? አሻንጉሊቱ አይደክመውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አያፍርም» ይላሉ። በዚህ ነገር እውነት አላቸው። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ያ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዕድል ዘንዘልማ ላይ ሊያገኙት አይችሉም። ስለዚህ አሻንጉሊቱን ጣሉት አልልም። ሰው ከጣራ ላይ ቁልቁል ሲታይ ትከሻው ራሱን እንዴት እንደሚሸፍን፣ ወደ አንባቢው የተዘረጋ ክንድ እንዴት እንደሚያጥር፣ ከእሳት ዳር የተነሣ ብርሃን አገጭን እንዴት እንደሚያበራ ለማወቅ አሻንጉሊቱ ጥሩ አገልጋይ ነው። እኔ የምለው እንደ መዝገበ ቃላት ያዙት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው መዝገበ ቃላቱን ይገልጣል፤ ደብዳቤውን ግን ከመዝገበ ቃላት አይገለብጥም። አስቀድማችሁ ያያችሁትን ሣሉ፤ ከዚያ የተጠራጠራችሁትን አሻንጉሊቱን ጠይቁት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ክፋቱ በመሣሪያው ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት የገባውስ ቢሆን? አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱት ማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ኋላ ግን ሥዕል መርጠው በለንደን በስሌድ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። ሞዴል አላጡም፤ መምህርም አላጡም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ወንበር ፈልገው አልተቀመጡም፤ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ የአገራቸውን ሰው ማየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው ባለ ቀለም መስተዋት ለምን የእኛ ሰው እንደሚመስል የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። ለንደን ያስተማራቸው እጃቸውን ነው፤ ዐይናቸውን ለማስተማር ግን ወደ አገራቸው መንገድ መውጣት ነበረባቸው።

«ሰው ይቆጣናል፤ ለምን ታዩናላችሁ ይለናል» የሚሉም አሉ። ሰው የሚቆጣው ሰርቃችሁ ስታዩት ነው። እንደ ባላገር ልጅ ቀርባችሁ፣ «እንደምን ዋሉ እማማ፤ ሥዕል እየተማርሁ ነው፤ ቡና ሲቀዱ እጅዎን ልሥል ቢፈቅዱልኝ» ብትሉ የምትቆጣ እናት አታገኙም። «እንዲህ ያለ እጅ ምን ያደርግልሃል ልጄ፤ የቆንጆዪቱን ሣል እንጂ» ትላችሁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉን ጨርሳችሁ አሳይዋት። የታዘለች ሴት ግን አስቁማችሁ አትሣሉ፤ ይህ ጭካኔ ነው። ከወንዙ ዳር ሄዳችሁ «አሸክሙኝ» ስትል አሸክሟት፤ ያን ጊዜ ክብደቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚህ የበለጠ ልማር የሚል ወንድ ልጅ ቢኖር ደግሞ አንድ ቀን እናቱን አሳርፎ እንስራውን ራሱ ይዘልና ሽቅብ ይውጣ። «ሰው ይስቅብኛል» ይለኛል። ይሳቅበት! ዳገቱን ወጥቶ ሲያበቃ ገመዱ በደረቱ ላይ የት እንደቆረጠው፣ አንገቱም ለምን ቀና እንዳለ ሌላ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። እናቱም ያን ቀን ታርፋለች፤ ይህም አንድ ትርፍ ነው።

በመጨረሻ የሚቀርብልኝ ነገር የጊዜ ነገር ነው። «ዓለም ፈጥኗል፤ በቀን አንድ ገጽ ካላወጣን ማን ይጠብቀናል?» ይላሉ። ፍጥነትን ለሚያመልክ ሰው የምነግረው መጥፎ ወሬ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጥቂት ቃል ጽፈው ቢሰጡት ሥዕሉን ራሱ ሠርቶ የሚያወጣ ማሽን በያለበት ተሰራጭቷል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጣላለሁ። ለጊዜው ግን ይህን አስቡት፤ አሻንጉሊት አቁሞ ዙሪያውን መገልበጥ ብቻ የሚያውቅ ሠዓሊ ከዚያ ማሽን ጋር ሊሽቀዳደም ነው። ማሽኑ አይተኛም፣ አይራብም፣ በሩብ ሰዓት ሳይሆን በሩብ ደቂቃ ይጨርሳል። አሳታሚው ሁለቱን አስተያይቶ ለማን ገንዘቡን እንደሚከፍል እናንተው ፍረዱ። ማሽኑ የዘንዘልማን ዳገት አልወጣም፤ የጎረቤቴን እናት እርምጃ አልሰማም፤ የአዛውንቱን ገበሬ ጅራፍ አላየም። እነዚህን ያየ ወጣት አዝግሞ ቢሠራም የሚሸጠው ነገር አለው፤ ያላየው ግን ፈጥኖም ባዶ እጁን ይደርሳል።

የሚታይ ነገር ደግሞ አላጣችሁም። በግብርና ኮሌጁ አጥር ውስጥ የምትማሩ ልጆች፣ ዝናቡ ሲጥል ከአጥሩ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ በሬዎቹ ተጠምደው ታገኛላችሁ። ስልካችሁን በኪሳችሁ፣ ደብተራችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ከማሳው ዳር ተቀመጡ። ገበሬው መጀመሪያ ይሽኮረመም ይሆናል፤ ሁለት ትልም እስኪያወጣ ድረስ ታገሡት። ከዚያ በኋላ ይረሳችኋል። ያን ጊዜ ከእርፉ ላይ ያለችውን እጁን ተመልከቱ፤ አውራ ጣቱ ወደ የት እንዳረፈች ለዩ።